ያገለገለ ሽጉጥ ገዝቶ በልክ ለማሠራት፦ የትኛው መነሻ ይሻላል?

የመጀመሪያዋን የገዛኋት ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ከአንድ የመሣሪያ ባዛር ነው። ቅዳሜ ጠዋት። 1911 ናት፣ ባለ 45 ካሊበር። እጀታዋ የሚያብረቀርቅ እንጨት፣ ቃታዋ ሦስት ቀዳዳ ያለው አሉሚኒየም፣ ማነጣጠሪያዋ አዲስ። ሻጩ «ግማሹ ሥራ አልቋል፣ የቀረውን አንተ ጨርሰው» አለኝ። 620 ዶላር። ሳልከራከር ከፈልኩ።

ተኩስ ሜዳ ወስጄ ስሞክራት በየሦስተኛው ጥይት ትነክሳለች። ካዝና ቀየርኩ፣ ያው ነው። ጥይት ቀየርኩ፣ ባሰባት።

አዲስ አበባ ዕድሜያቸውን ቶርኖ ላይ የጨረሱ፣ አሁን እዚህ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ አንድ ጋሼ አሉን። ፈታትቼ ጠረጴዛቸው ላይ ዘረገፍኩላቸው። ፍሬሙን፣ ዋናውን የታችኛውን አካል፣ አንስተው ወደ መስኮቱ አዞሩት። መነጽራቸውን አወለቁ። ጥይቱ ከካዝና ወጥቶ የሚንሸራተትባትን ትንሽ ዳገት በአውራ ጣት ጥፍራቸው ዳበሷት።

«ልጄ፣ ይኼን ማነው እንዲህ የላጠው?»

የምመልሰው አልነበረኝም። የቀድሞው ባለቤት በትንሽ የእጅ ግራይንደር የፍሬሙን ዳገትና የአፈሙዙን ዳገት አንድ ላይ አስተካክሎ፣ እንደ መስታወት ወልውሎታል። ሲያዩት ያምራል። ነገር ግን 1911 ላይ በሁለቱ መካከል ወደ 0.8 ሚሊ ሜትር የምትሆን ደረጃ መኖር አለባት። እሷ ከጠፋች የጥይቱ አፍንጫ የአፈሙዙን ከንፈር ይመታና ነገሩ ሁሉ ይቆላለፋል። አፈሙዝ ተገዝቶ ይለወጣል። ከፍሬም ላይ የተላጠ ብረት ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም። ጥገናው አለ፣ ሂሳቡ ግን ሌላ ሽጉጥ ያስገዛል። ጥፋቷን ሳልደብቅ በ350 ሸጥኳት።

እንግዲህ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ከዚያ ጥፍር የመጣ ነው። ለፕሮጀክት የምትገዙት ብረቱን ነው። ፍሬሙንና ላዩ ላይ የሚንሸራተተውን ስላይድ። ቃታ፣ እጀታ፣ ማነጣጠሪያ፣ ሞላ፣ ቀለም፣ እነዚህ ሁሉ ወደፊት የሚወልቁ ናቸው። ስለዚህ ቀለሟ ለቅቆ አጥንቷ የጸና፣ ማንም ያልነካካት ሽጉጥ፣ አምራና ተነካክታ ከተቀመጠችው ትበልጣለች። ሻጩ የሚያስከፍላችሁ ደግሞ ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ነው። ለጌጡ።

መጀመሪያ ስለ ወረቀቱ

የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ ለሚገዛ ሰው ነው። በፌዴራል ሕግ ሽጉጥ ማለት መለያ ቁጥሩ ያለበት ፍሬም ነው። ለዚህ ነው አፈሙዝና እጀታ በፖስታ፣ ቤታችሁ ድረስ ሲመጣ፣ ፍሬም ግን የማይመጣው። ከሌላ ስቴት ያያችሁት ሽጉጥ እናንተ ባላችሁበት ስቴት ወደሚገኝ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ይላካል። እዚያ 4473 የሚባለውን ፎርም ሞልታችሁ፣ ባክግራውንድ ቼክ አልፋችሁ ትረከባላችሁ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ መግዛት ይችላል። በቱሪስት ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይችልም። የጓደኛን ገንዘብ ተቀብሎ በራስ ስም መግዛት ደግሞ ውለታ ሳይሆን እስር ቤት የሚያስገባ ወንጀል ነው። ቁጥሩ የተፋቀ ሽጉጥ ካያችሁ በነፃ ቢሰጧችሁም አትንኩት።

በዲሲ ዙሪያ የምንኖር ሰዎች የስቴቱ ወሰን ምርጫችንንም ይወስነዋል። ቨርጂኒያ 2020 ላይ በግለሰቦች መካከል ለሚደረግ ሽያጭም ባክግራውንድ ቼክ የሚጠይቅ ሕግ አውጥታለች። ሜሪላንድ ያላችሁ አስቀድማችሁ ሥልጠናና አሻራ ያለበትን ፈቃድ ታወጣላችሁ። ከ1985 ወዲህ የተሠራ ሽጉጥ ከሆነ ደግሞ ስቴቱ ባወጣው ዝርዝር ውስጥ መኖር አለበት። ወንዙን ተሻግራችሁ ያያችሁት ሞዴል ለእናንተ ላይሸጥ ይችላልና ከመክፈላችሁ በፊት ነጋዴውን ጠይቁ።

«ሠርቼ ሳበቃ አገር ቤት ይዤ ልሂድ?» የሚለኝ አይጠፋም። አይሆንም። ከዚህ ያለ ፈቃድ ማውጣቱ ወንጀል ነው፣ እዚያ ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይጠብቃችኋል። ሻንጣ ውስጥ አንዲት ሞላ እንኳ አትክተቱ።

1911፦ ሁሉም የሚመኛት

ስለ እሷ ረዘም አድርጌ የምጽፈው ስለማዳላ ብቻ አይደለም። በእጅ እየተሞረደ፣ እየተለካ የሚገጣጠም ሽጉጥ ካላችሁ እሷ ናት። ጆን ብራውኒንግ ነው የነደፋት። የአሜሪካ ጦር በመጋቢት 1911 ተቀበላት፣ በቤሬታ የተተካችው 1985 ላይ ነው። ካዝናዋ ሰባት ጥይት ይይዛል። ባዶዋን ወደ 1.1 ኪሎ ትመዝናለች። መለዋወጫዋን የሚሠራው ፋብሪካ ብዛቱ ለጉድ ነው። ችግሩ 1911 የአንድ ድርጅት ዕቃ አለመሆኗ ነው። የሚሠራት ብዙ ነው፣ ልዩነቱም ብዙ።

ኮልት ስሙ ይሸጣል። ከ1970 ጀምሮ የወጣው ሲሪስ 70፣ ከ1983 ወዲህ የመጣው ሲሪስ 80 ይባላል። ሲሪስ 80 ቃታ ካልተሳበ ጥይቱን የሚመታውን መርፌ የሚቆልፍ ተጨማሪ ዘዴ አለው። ለደኅንነት ጥሩ ነው። ቃታውን ማለስለስ ለሚፈልግ ባለሙያ ግን ጥቂት ተጨማሪ ብረቶችና ተጨማሪ ሰዓት ናቸው። የድሮው ሲሪስ 70 ጣት ጣት የመሰለ፣ ሊሰበር የሚችል የአፈሙዝ ቀለበት አለው፤ ያንን አውጥታችሁ ተራ ጠንካራ ቀለበት ታስገባላችሁ፣ አለቀ። እኔ ባየሁት ገበያ ያገለገለ ኮልት ከ800 ዶላር በታች ብርቅ ነው። ስትሸጡት ግን ስሙ ይመልስላችኋል።

ስፕሪንግፊልድ አርመሪ፣ በተለይ ሚል-ስፔክ የሚባለው፣ የእኔ ምርጫ ነው። ፍሬሙ ብራዚል ውስጥ የሚቀጠቀጥ ፎርጅድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላቁም። አዲስ አበባ «ፎርጅድ» ካልን የውሸት፣ የተጭበረበረ ማለታችን ነው። ፎርጅድ ዲግሪ፣ ፎርጅድ መታወቂያ። በብረት ዓለም ግን ፎርጅድ ማለት ግሎ በከባድ መዶሻ የተቀጠቀጠ ማለት ነው፣ የሚመረጠውም እሱ ነው። ሌላው ካስት ይባላል፣ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ። ይባስ ብሎ ከድሮዎቹ መነሻዎች አንዱ የቻይናው ኖሪንኮ ነው። ወደ አሜሪካ መግባቱ 1994 ላይ በእገዳ ቆመ። ላይ ላዩን ሸካራ ነው፣ ውስጡ ግን ፎርጅድ፣ ባለሙያዎች መቁረጫችንን አዶለዶመብን እያሉ የሚያወሩለት ጠንካራ ብረት። ለዘመዴ ስልክ ደውዬ «ፎርጅድ ቻይና እየፈለግኩ ነው» ስለው፣ «አሜሪካ ሄደህ ለዚህ ነው?» አለኝ። አሁን ዋጋው ስለወጣ በርካሽ አይገኝም። ካጋጠማችሁ ግን አትለፉት።

ወደ ስፕሪንግፊልድ ልመለስ። ሚል-ስፔክ የወደድኩት በብረቱ ብቻ አይደለም። ማነጣጠሪያዎቹ ሲወጡም ሲገቡም ተንሸራተው ነው፤ የቀለሁ መውጫ መስኮት ዝቅ ተደርጎ ተቆርጧል። እነዚህን ቁርጦች በባለሙያ ማስቆረጥ ማለት ፍሬዛ የሚባለው የብረት መቁረጫ ማሽን ላይ መጫን፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ቀለሙን እንደገና ማስነከር ነው። ፋብሪካው የቆረጠላችሁ እያንዳንዱ ቁርጥ ገንዘብ ነው። አንዳንዶቹ ከኋላ በኩል ትንሽ የቁልፍ ቀዳዳ አላቸው፣ የሚያስጠላው ሰው ያንን ክፍል አውጥቶ ተራውን ይገጥማል። ከ550 እስከ 700 ዶላር ያገለገለ አይቻለሁ።

ሮክ አይላንድ ከፊሊፒንስ ነው የሚመጣው። ርካሽ ነው፣ 350 ወይም 400 ዶላር አካባቢ ይገኛል። ፍሬሙ ካስት ነው። «ካስት ነው» ብሎ የሚያጣጥል ሰው ሲያጋጥማችሁ ሩገርም 1911ን በካስት እንደሚሠራ ንገሩት፤ የሩገርን ጥንካሬ የሚጠራጠር አላየሁም። ችግሩ ሌላ ነው። ተራው ሞዴል ላይ የፊት ማነጣጠሪያው እንደ ምስማር ተቀጥቅጦ የተተከለ ትንሽዬ ብረት ነው። በሌላ ለመለወጥ ፍሬዛ ግድ ነው። በ380 ገዝታችሁ 900 ብታፈሱባት፣ ስትሸጧት ገዢው የሚያየው ስፕሪንግፊልድ ሳይሆን ሮክ አይላንድ የሚለውን ጽሑፍ ነው። እጅን ለማፍታታት፣ ለመማር ከሆነ ግን ከእሷ የተሻለ ደብተር የለም።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላይ የተሠሩ እውነተኛ የጦር ሠራዊት 1911ዎች ካጋጠሟችሁ አትንኳቸው። ስላይዳቸው በሙሉ ስላልጠነከረ ለብዙ ተኩስ አይመችም፣ ይሄ አንድ። ሁለተኛ፣ ዋጋቸው ባለመነካታቸው ላይ ነው። አንድ ሰው ደህና ማነጣጠሪያ ልትከል ብሎ ያስቆረጠውን የጦርነት ዘመን ስላይድ አሳይተውኛል። የቆረጠው የስምንት መቶ ዶላር ታሪክ ነው።

መደርደሪያው ጋ ስትቆሙ

ሻጩ ሽጉጡን ሲሰጣችሁ የምታደርጉት የመጀመሪያ ነገር ካዝናውን ማውጣት፣ ስላይዱን ወደ ኋላ መሳብ፣ ጥይት መጉረሻውን ማየት ነው። ዓይናችሁን ብቻ አትመኑ። ትንሿን ጣት አስገቡ። ሻጩ ከእናንተ ፊት አይቶት ቢሆንም። ከዚያ ባዶ ቃታ ለመሳብ ፈቃድ ጠይቁ። ስላይዱን ባዶ መጉረሻ ላይ ዝም ብላችሁ አትልቀቁት፤ በእጃችሁ ይዛችሁ አስከትሉት። ይህንን የሚያይ ሻጭ አነጋገሩ ራሱ ይለወጣል።

አሁን መዶሻውን ወደ ኋላ አቁሙትና ቃታውን ሳትነኩ በአውራ ጣት ከኋላው ወደ ፊት ግፉት። ጠንከር አድርጋችሁ። ከወደቀ የሆነ ሰው ቃታ አቀልላለሁ ብሎ መዶሻውን የሚይዘውን መንጠቆ ሞርዶታል። መልሱት።

ቀጥሎ የምወደው ሙከራ አለ። በጆሮ ነው። መዶሻውን አቁሙ፣ ሴፍቲውን ዝጉ፣ ቃታውን ጠበቅ አድርጋችሁ ሳቡና ልቀቁት። ሴፍቲውን ክፈቱ። አሁን ሽጉጡን ወደ ጆሯችሁ ጠጋ አድርጋችሁ መዶሻውን በጣም በዝግታ፣ ለጥቂት ብቻ፣ ወደ ኋላ ሳቡት። ምንም መሰማት የለበትም። «ጭ» የምትል ድምፅ ከሰማችሁ ሴፍቲው ተዘግቶ እያለ መንጠቆው ተንቀሳቅሷል ማለት ነው፤ ያቺ ድምፅ ተመልሶ ቦታው ሲገባ ነው። አንድ ዕቃ አስይዘው ገንዘብ የሚበደሩበት ሱቅ ውስጥ ይህንን ሳደርግ ሻጩ ሬዲዮውን ዘጋልኝና አብሮኝ አዳመጠ። ጭ አለች። «አንተ ብለህ ነው ወይስ እሷ?» አለኝ። እሷ ናት። ዋጋውን 90 ዶላር ቀነሰው። ሴፍቲ ደግሞ የሚለወጥ ዕቃ ነው፣ ገዛኋት።

የመዳፍ ሴፍቲውንም ሳትጨብጡት ቃታ ስባችሁ ሞክሩት፤ መዶሻው መውደቅ የለበትም። ስላይዱን ግማሽ ሴንቲ ያህል ወደ ኋላ ይዛችሁ ቃታ ስትስቡም እንደዚያው።

ስላይዱ ወደ ፊት ተዘግቶ ሳለ፣ በመስኮቱ የሚታየውን የአፈሙዙን ጀርባ በአውራ ጣት ወደ ታች ተጫኑት። እንደ ሶፋ ከሰጠመ መያዣው ላልቷል። ይሄ በአዲስ አፈሙዝ ይስተካከላል፣ ግን በሂሳባችሁ ውስጥ አስገቡት። ስላይዱን በፍሬሙ ላይ ወዲያ ወዲህ ስታወዛውዙት ትንሽ ቢንቀጠቀጥ አትደንግጡ። የሚንቀጠቀጡ 1911ዎች ጦርነት አሸንፈዋል።

በግራ በኩል፣ ከእጀታው በላይ፣ የሴፍቲውን ሞላ የያዘች ቀጭን ቱቦ አለች። በጥፍራችሁ አወዛውዟት። ከተንቀሳቀሰች ሴፍቲው አንድ ቀን ሳይከፈት ይቀራል።

ስንጥቅ ሁለት ቦታ ፈልጉ። በስላይድ ማቆሚያው ቀዳዳ በላይ ያለችው ቀጭን ብረት ብትሰነጠቅ ሞት አይደለም፤ ኮልት ራሱ በኋላ ያንን ቁራጭ ከነአካቴው ቆርጦ አስቀርቶታል። ከፊት በኩል ፍሬሙ ወደ አፈሙዙ ሥር የሚዘረጋበት መጋጠሚያ ላይ ከሆነ ግን ተዉት።

ፈቃደኛ ከሆኑ የእጀታዋን ቪቴ ፈትታችሁ ከእንጨቱ ሥር እዩ። ላብ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ላይ ላዩን የቀላ ዝገት በዘይትና በቃጫ ይሄዳል። ብረቱን የበላ፣ ጉድጓድ የሠራ ከሆነ ከቀለም በፊት ብዙ መሞረድ አለበት። አፈሙዙን በመብራት ስታዩ ደግሞ ክብ ጥቁር ጥላ ካያችሁ አብጧል ማለት ነው። አፈሙዙ ይለወጣል፣ ዋናው ጥያቄ ያ ያሳበጠው ነገር ሌላ ምን ጎድቷል የሚለው ነው።

ሌሎቹስ?

ብራውኒንግ ሃይ-ፓወር ቆንጆ ናት። ብራውኒንግ 1926 ላይ ቤልጅየም ውስጥ ሲሞት ሳይጨርሳት ቀረ፤ ዲዩዶኔ ሴቭ ጨርሷት 1935 ላይ ወጣች። አያቶቻችን «ቤልጅግ» የሚሉት ጠመንጃ የመጣበት አገር ልጅ ናት እንግዲህ። 9 ሚሊ ሜትር፣ አሥራ ሦስት ጎራሽ። መዳፍ ውስጥ ስትገባ እንደ ድሮ ጓደኛ ናት። ግን ሁለት አመል አላት። ትልቅ እጅ ካላችሁ መዶሻዋ የአውራ ጣታችሁን ሥር ትነክሳለች። ካዝና ካልገባ እንዳትተኩስ የሚያደርገው ዘዴ ደግሞ ቃታዋን አሸዋ የገባበት አስመስሎታል። ደህና የሚሠራላት ባለሙያ ከ1911 ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፣ ወረፋውም ረጅም ነው። የቤልጅየሙ ፋብሪካ ኤፍኤን የድሮዋን መሥራት ስላቆመ የመለዋወጫ ዋጋ ይቆረጥማል። 2022 ላይ በተመሳሳይ ስም ያወጣው አዲስ ሽጉጥ ዕቃ አይዋዋስም፣ በስሙ አትሸወዱ። መግዛት ካለባችሁ ማርክ 3 የሚባለውን ፈልጉ። ከእስራኤል የመጡ፣ ፖሊስ የተገለገለባቸው፣ ቀለማቸው የተፋፋቀ ሃይ-ፓወሮች ገበያው ላይ ነበሩ። ለፕሮጀክት ከታሰበ ከዚያ የተሻለ የለም።

ሲዜድ 75 ብዙ ሰው የሚዘላት ናት፣ ለኪስ ግን ትሻላለች። ቼኮች 1975 ላይ ያወጧት፣ ስላይዷ በፍሬሙ ውስጥ ለውስጥ የሚሄድ፣ ስትተኮስ የማትዘል ሽጉጥ። ቃታዋ ሲገዟት ይጎረብጣል። ነገር ግን ለእሷ የሚሠሩ የቃታ ስብስቦች አሉ፤ 1911 የምትጠይቀውን ያህል መሞረድ የለባቸውም። ሴፍቲ ያለውን 75 ቢ ምረጡ። ላይዋ ብዙ ጊዜ ቀለም ቅብ ነው፣ ይላላጣል፣ ዋጋዋንም ያወርዳል፣ እኛ ደግሞ የምንፈልገው እሱን ነው። አንድ ጥንቃቄ፦ መርፌዋን የምትይዘው ትንሽ ፒን ባዶ ቃታ ሲበዛባት ትሰበራለች። ሲገዙ ያዩዋታል፣ በሳንቲም ትለወጣለች። 450፣ 500 ዶላር ይዞ ለገበያ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ እሷን ይይ።

ግሎክ ላይ አጭር ነኝ። ኤፍቢአይ ከ40 ካሊበር ወደ 9 ሚሊ ሜትር ከተመለሰ ወዲህ የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች 40ዎቹን ለነጋዴ መለሱ፤ ግሎክ 22 በ300 ዶላር ገደማ የሚገኘው ለዚህ ነው። ከአፎት በወጣችና በገባች ቁጥር ስላይዷ ተፍቋል፣ የተተኮሰችው ግን ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው። በማታ የሚያበራው ማነጣጠሪያ ሞቷል ብላችሁ አስቡ፤ በውስጡ ያለው ትሪቲየም በ12 ዓመት ገደማ ግማሹ ያልቃል። ሁሉም ዕቃ ወጥቶ ይገባል፣ እንደ ልጆች መገጣጠሚያ። ለዚህም ነው ለእኔ ፕሮጀክት የማትመስለኝ። ሥራው ሸመታ ነው። አንድ ሰው በጋለ ብረት እጀታውን አሸብርቆት ከሆነ ደግሞ ፕላስቲክ ነውና መልሶ አይሞላም፤ ያንን አትግዙ። አውቶማቲክ የሚያደርግ ምናምን የሚያቀርብላችሁ ካለ ከሱቁ ውጡ።

ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 10፣ ስድስት ጎራሽ። ዘሯ ከ1899 ይጀምራል፣ ከስድስት ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ለመጀመሪያ ፕሮጀክት ልቤ የሚሄደው ወደ እሷ ነው ብል የሚገረም አለ። ግን ቀለም መማር፣ እንጨት መጥረብ፣ ሞላ መለወጥ ለሚፈልግ ሰው ትበቃለች። መዶሻውን በዝግታ እየሳባችሁ ስድስቱንም ቀዳዳ አንድ በአንድ ቁጠሩ፤ መዶሻው ከመቆሙ በፊት ሲሊንደሩ ተቆልፎ መገኘት አለበት። አንዷ ቀዳዳ እንኳ ከዘገየች ዋጋ አስቀንሱ ወይም ተዉት። ሲሊንደሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስትገፉት በግልጽ የሚንሸራተት ከሆነም ብዙ በልታለች።

ስታርን የምጠቅሰው ለናፍቆት ነው። አገር ቤት «ስታር ሽጉጥ» ያልሰማ የለም። የስፔን ናት፣ መልኳ ቁርጥ 1911። አንዳንዱ ይህንን አይቶ የ1911 ዕቃ ይገጥምላታል ብሎ ይገዛል። አይገጥምም። ፋብሪካው 1997 ላይ ተዘግቷል፣ መርፌዋም በባዶ ቃታ ትሰበራለች። ለትዝታ ግዟት፣ ለፕሮጀክት አይሆንም።

ገንዘቡን እንዴት ትከፍሉታላችሁ

የእኔ ልማድ ካለኝ ገንዘብ ከግማሽ በላይ መነሻዋ ላይ አለመጨረስ ነው። ከገዛሁ በኋላ ደግሞ ወዲያው አልበትናትም። ሞላዎቿን እለውጣለሁ፣ ለባለ አምስት ኢንች 45 መደበኛው 16 ፓውንድ ነው። ሁለት ደህና ካዝና እገዛለሁ፤ በሽጉጥ ከሚሳበበው ችግር ብዙው የካዝና ነው። ከዚያ ሦስት መቶ ጥይት ያህል እተኩሳለሁ። ምን እንደሚጎድላት ራሷ ትናገራለች። ብዙ ሰው ያልጎደለውን ገዝቶ የጎደለውን ይረሳል።

እጀታ፣ ሞላ፣ ማጽዳት፣ እነዚህን ቤት ሥሩ። ቃታና መንጠቆ ላይ በዩቲዩብ ሞረድ አታንሱ። የሚገናኙት ፊቶች ብዙ ጊዜ ቀጭን ጠንካራ ቆዳ ብቻ ነው ያላቸው፤ እሱ ከተላጠ አንድ ጊዜ ስባችሁ ሁለት ጊዜ ልትተኩስ ትችላለች። ለባለሙያ ስጡት፣ ወራት ቢያስጠብቅም። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ደግሞ ፍሬሙ ብቻውንም ቢሆን ይቆለፍበት። ተፈታትቶ የተቀመጠ ሽጉጥ «ገና ሽጉጥ አይደለም» የሚል ስሜት ያመጣል።

እንግዲህ ብትጠይቁኝ፦ ሥራ ለመማር ሞዴል 10 ወይም ሮክ አይላንድ። በትንሽ ገንዘብ ደህና የምትተኩስ ሽጉጥ ለማግኘት ሲዜድ 75 ቢ። አንድ ጊዜ ሠርቼ ዕድሜዬን ልያዛት ለሚል ሚል-ስፔክ። ሃይ-ፓወር ለወደዳት ሰው ምክር አይሰማም፣ እሱን ትቼዋለሁ።

አሁን ያለችኝ ሚል-ስፔክ ናት፣ በ560። የአፎት ፍጭት የስላይዷን ሁለት ጎን ወደ ነጭ ቀይሮታል። ባለፈው እሑድ ቡና ጠጥተን ስናበቃ ለጋሼ ፈትቼ ሰጠኋቸው። እንደ ልማዳቸው ፍሬሙን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ጥፍራቸውን በዳገቷ ላይ አንዴ አሳለፉ፣ ደረጃዋ ጋ ሲደርሱ ቆመ።

«ስንት አልከኝ?»

ነገርኳቸው።

«ቀለም አትቀባት ገና» አሉና መነጽራቸውን መለሱ። «መጀመሪያ ያቺን ቱቦ አስጠብቃት።»

ቱቦዋን አላየኋትም ነበር።